ደንባር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ዋሽንግተን ዲሲ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በዲሲ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችና ተማሪዎች ነው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፈዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ካለ ከጎኑ ዓ.ም. የሚል ምልክት አለው።

«ታሪካዊ የጥቁሮች ትምህርት ቤት» ሲባል ጥቁር ብቻ ይማርበታል ማለት ነው?

አይደለም። ደንባር የዲሲ መንግሥት ነጻ ትምህርት ቤት ነው። ዘር፣ ሃይማኖትና የትውልድ አገር ሳይለይ የከተማዋን ነዋሪ ልጆች ይቀበላል። ስሙ የመጣው ከታሪኩ ነው። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች በዲሲ እስከ 1954 ድረስ በተለያዩ ትምህርት ቤቶች ነበር የሚማሩት፤ ደንባርም ለጥቁር ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያ ዓመት «ቦሊንግ ከሻርፕ» በተባለው የዲሲ ክስ ላይ ፍርድ ሰጥቶ ልዩነቱን ሕገ ወጥ አደረገው።

ብዙ ሰው ይህን ስም ከታሪካዊ የጥቁሮች ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያምታታዋል። ለኮሌጆቹ ስሙ በፌዴራል ሕግ የተወሰነ ደረጃ ነው፦ ከ1964 በፊት የተቋቋመና ዋና ዓላማው ጥቁር አሜሪካውያንን ማስተማር የነበረ ተቋም ነው የሚያገኘው። ዲሲ ውስጥ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲና የከተማዋ የራሷ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩዲሲ፣ በዚህ ደረጃ ይካተታሉ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ሕጋዊ ደረጃ የለም። ከደንባር መመረቅ ብቻውን ሃዋርድ አያስገባም፤ የመግቢያ ማመልከቻው እንደማንኛውም ተማሪ ነው።

መቼ ተቋቋመ? ለምንስ ይህን ያህል ስሙ ተነሳ?

በ1870 በ15ኛ ስትሪት የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተጀመረ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። በመላ አሜሪካ ለጥቁር ልጆች የተከፈተ የመጀመሪያው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ይኸው ነው። ከአንዱ ሕንጻ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ በ1891 ኤም ስትሪት ላይ የራሱን ቤት አገኘ፤ ስሙም «ኤም ስትሪት» ሆነ። በ1916 አሁን ባለበት አካባቢ ትልቅ ሕንጻ ተሠርቶለት በገጣሚው በፖል ሎረንስ ደንባር ስም ተሰየመ። ገጣሚው ዲሲ ውስጥ ኖሯል፤ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ሠርቷል።

የስሙ ምሥጢር ያለው በመምህራኑ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ከሃርቫርድ፣ ከኦበርሊን ወይም ከአምኸርስት የተመረቀ ጥቁር ምሁር በነጮች ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር በሩ ዝግ ነበር። በዲሲ ደግሞ የጥቁርና የነጭ መምህራን የደመወዝ ደረጃ እኩል ነበር፤ በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ይህ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የሚገባቸው ሰዎች እዚህ 9ኛ ክፍል ያስተምሩ ነበር። በአሜሪካ የባችለር ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሜሪ ጄን ፓተርሰን ርእሰ መምህር ነበረች። ከሃርቫርድ ኮሌጅ የተመረቀው የመጀመሪያው ጥቁር ሪቻርድ ግሪነርም እንዲሁ። የጥቁሮችን ታሪክ ጥናት የመሠረተው ካርተር ውድሰን በመምህርነት አገልግሏል። በ1921 በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥቁር ሴቶች የዶክትሬት ዲግሪ ሲያገኙ ሦስቱም በመማርም ሆነ በማስተማር ከዚህ ትምህርት ቤት ጋር የተሳሰሩ ነበሩ።

በ1899 በከተማዋ አካዳሚክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተሰጠ ፈተና የኤም ስትሪት ተማሪዎች ከሦስቱ የነጮች ትምህርት ቤቶች ሁለቱን በልጠዋል። ይህ ውጤት ሁሉንም አላስደሰተም። ጥቁር ልጅ የእጅ ሙያ ቢማር ይበቃዋል የሚለው አስተሳሰብ በሰፊው የተስፋፋበት ጊዜ ነበር። በባርነት የተወለደችው አና ጁሊያ ኩፐር ከ1902 እስከ 1906 ርእሰ መምህር ሆና ላቲንና ሒሳቡን አላስነካም አለች። ተማሪዎቿ ታላላቅ ኮሌጆች ገቡ፤ እሷ ግን ከሥራዋ ተነሳች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሳ ላቲን አስተማረች፤ በ1925 ደግሞ ከስልሳ ዓመቷ በኋላ ከፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ያዘች። ስለ ደንባር አንድ ሰው ብቻ የማወቅ ጊዜ ያለው ተማሪ ቢኖር እሷን እንዲያነብ እንመክራለን።

ከዚያ ማን ማን ወጣ?

የመለያየትን ሕግ በፍርድ ቤት ለማፍረስ ስልቱን የነደፈው ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን፣ የደም ፕላዝማን ማቆያና የደም ባንክን ሥራ ያደራጀው ሐኪም ቻርልስ ድሩ፣ በፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ዊልያም ሄስቲ፣ በካቢኔ የመጀመሪያው ጥቁር ሚኒስትር ሮበርት ዊቨር፣ በሕዝብ ድምፅ የተመረጠው የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ፣ የባሕር ኃይል አካዳሚን በ1949 ያጠናቀቀው የመጀመሪያው ጥቁር ዌስሊ ብራውን፣ የሒሳብ ሊቋ ኤቭሊን ቦይድ ግራንቪል፣ ቀራጺዋ ኤሊዛቤት ካትሌት። ዲሲን በኮንግረስ ለረጅም ዘመን የወከሉት ኤሊኖር ሆምስ ኖርተንም የደንባር ምሩቅ ናቸው።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ብዙ ደንባር ይመጣል። የትኛው ነው?

በገጣሚው ስም የተሰየሙ ትምህርት ቤቶች በባልቲሞር፣ በሌክሲንግተን፣ በዴይተን፣ በፎርት ወርዝና በሌሎችም ከተሞች አሉ። ባልቲሞር ለዲሲ ቅርብ ስለሆነ ስህተቱ በብዛት ከእሱ ጋር ነው። የዲሲው በሰሜን ምዕራብ 101 ኤን ስትሪት ላይ ይገኛል፤ የስፖርት ቡድኑ መጠሪያ «ክሪምሰን ታይድ» ነው። ቅጽ ከመሙላትዎ በፊት አድራሻውን ይመልከቱ።

ሕንጻው ያው የጥንቱ ነው?

አይደለም። የ1916ቱ ሕንጻ ምሩቃኑ እየተቃወሙ በ1977 ፈርሷል። ቦታውን የተካው ሕንጻ በጊዜው ፋሽን የነበረውን ግድግዳ አልባ የመማሪያ ቦታ ይዞ ተሠራ። ድምፅ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያልፋል፤ መምህራን በመደርደሪያና በተንቀሳቃሽ ከለላ ለመከፋፈል ይገደዱ ነበር። ብዙ የቀድሞ ተማሪዎች የትምህርት ቤቱን መዳከም ሲያነሱ ይህን ሕንጻ አብረው ይጠቅሳሉ። አሁን ያለው በ2013 ተከፈተ። በኃይል ቁጠባው ከፍተኛውን የአረንጓዴ ሕንጻ ደረጃ፣ ፕላቲነምን፣ አግኝቷል፤ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች፣ ከመሬቱ ሥር ደግሞ የጂኦተርማል ጉድጓዶች አሉት።

እውነቱን ንገሩን፤ ዛሬ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው?

ከ1954 በኋላ ደንባር ከመላ ከተማው ጥቁር ተማሪዎችን መሰብሰቡ ቀርቶ የሰፈር ትምህርት ቤት ሆነ። ጥቁር ምሁራንም ሌላ ቦታ የመቀጠር ዕድል አገኙ። የዛሬው አማካይ የፈተና ውጤት ከከተማው አማካይ በታች ነው፤ ከትምህርት የሚቀሩ ተማሪዎች ብዛትም አሳሳቢ ነው። ይህን አንደብቅም። ነገር ግን አማካይ ስለ አንድ ልጅ አይናገርም። በደንባር ምህንድስና ተምሮ፣ የኮሌጅ ኮርስ ወስዶ የሚመረቅ ተማሪ አለ፤ ክፍል ሳይገባ ዓመቱን የሚጨርስም አለ። ልዩነቱን የሚፈጥረው የ9ኛ ክፍል የኮርስ ምርጫና በየቀኑ መገኘት ነው።

ስለዚህ ለጉብኝት ሲሄዱ «ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስገኝም። እነዚህን ይጠይቁ፦ በዚህ ዓመት በትክክል የሚሰጡት የኤፒ ኮርሶች (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጡ፣ ከ5 ነጥብ የሚፈተኑ ትምህርቶች) የትኞቹ ናቸው? (በካታሎግ ላይ ያለ ሁሉ አይከፈትም፤ ተመዝጋቢ ካነሰ ይሰረዛል።) ስንት ተማሪ ተፈተነ፣ ስንቱስ 3 እና ከዚያ በላይ አገኘ? አልጀብራ 1ን በ8ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ 12ኛ ክፍል ሲደርስ የሚወስደው ሒሳብ አለ? አንድ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ስንት ተማሪ ይይዛል?

ለመመዝገብ ሎተሪ መግባት አለብን?

መኖሪያችሁ በደንባር ክልል ውስጥ ከሆነ አያስፈልግም፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል መቀመጫው የልጁ መብት ነው፣ በማንኛውም ጊዜ ሄዶ መመዝገብ ይቻላል። ክልሉን ለማወቅ የቤት አድራሻችሁን በዲሲ ትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ማስገባት ይበቃል። አንድ መንገድ ተሻግሮ ያለ ቤት በሌላ ትምህርት ቤት ክልል ሊወድቅ ስለሚችል በግምት አትሂዱ።

ከክልሉ ውጭ ከሆናችሁ «ማይ ስኩል ዲሲ» የተባለውን የጋራ ሎተሪ ትሞላላችሁ። በአንድ ማመልከቻ እስከ 12 ትምህርት ቤት በምርጫ ቅደም ተከተል ይመዘገባል። ለሁለተኛ ደረጃ የሚቀርብበት ቀነ ገደብ በፌብሩዋሪ ወር መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ከቅድመ መደበኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉት ካለው ቀነ ገደብ ይቀድማል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወላጆች «ይገባናል» ያሉትን አስቀድመው፣ በጣም የሚፈልጉትን ኋላ ሲያስቀምጡ እናያለን፤ ይህ ልጁን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ቅደም ተከተሉ ከልብ የምትፈልጉት ይሁን።

ምን ምን ሰነድ ይጠየቃል?

የመጀመሪያው የዲሲ ነዋሪነት ማስረጃ ነው። ከጠንካራዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ብቻውን ይበቃል፤ ለምሳሌ የዲሲ ግብር የተቆረጠበት፣ ከ45 ቀን ያልበለጠው የደመወዝ ስሊፕ። እሱ ከሌለ ከሁለተኛው ዝርዝር ሁለት ሰነድ ይቀርባል፦ የጸና የዲሲ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ፣ የዲሲ የመኪና ምዝገባ፣ የቤት ኪራይ ውል ከክፍያ ደረሰኝ ጋር፣ የመብራት ወይም የጋዝ ወይም የውሃ ሒሳብ ከክፍያ ደረሰኝ ጋር። ደረሰኙ ከሁለት ወር ያልበለጠ መሆን አለበት። የስልክና የኢንተርኔት ቢል አይቆጠርም።

ቪርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የሚሠራ ወላጅ የደመወዝ ስሊፑ ላይ የተቆረጠው ግብር የዚያ ግዛት ሆኖ ሲገኝ ሰነዱ ይመለሳል። ቤት በሌላ ሰው ስም ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ውል የለውም። በሁለቱም ሁኔታ ለመዝጋቢው ይንገሩ፤ ትምህርት ቤቱ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያረጋግጥበት አሠራር አለ። ልጁ ከአክስቱ ወይም ከአጎቱ ጋር ከሆነ የሚኖረው፣ አሳዳጊነታቸውን የሚያረጋግጥ የተለየ ቅጽ ይሞላሉ። መጠለያ ውስጥ ወይም ቤት አጥቶ ዘመድ ጋር በደባልነት የሚኖር ልጅ በፌዴራል ሕግ ሰነድ ሳይሟላ ወዲያው መግባት ይችላል።

የኢሚግሬሽን ወረቀት አይጠየቅም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ግዴታ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 የማንኛውም ልጅ የመማር መብት በኢሚግሬሽን ወረቀት እንደማይወሰን ፈርዷል፤ ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ እየጠበቃችሁም ቢሆን ልጁን አስመዝግቡ።

ሁለተኛው የጤና ቅጽ ነው፤ አንድ የሐኪም፣ አንድ የጥርስ ሐኪም። ክትባት ላይ ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ በብዛት የሚጎድለው የጉድፍ (ቫሪሴላ)፣ የሄፓታይተስ ኤ፣ የማጅራት ገትርና የቲዳፕ (ቴታነስ፣ ዲፍቴሪያና ትክትክ) ማጠናከሪያ ነው። ቢጫ ካርዱን ብቻ ሳይሆን ለቪዛው የሕክምና ምርመራ ሲደረግ የተሰጠውን የክትባት ወረቀትም ይዛችሁ ሂዱ፤ አለበለዚያ ልጁ የወሰደውን መልሶ ይወስዳል። የቢሲጂ ክትባት የወሰደ ልጅ የቲቢ ቆዳ ምርመራው ሳይታመም ሊያብጥ ስለሚችል በደም የሚደረገውን ምርመራ ጠይቁ። ክትባቱ ያልተሟላ ተማሪ ማሳሰቢያ ከተሰጠው በኋላ 20 የትምህርት ቀን አለው፤ ከዚያ በኋላ ክፍል አይገባም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። በዘመድ አድራሻ ብናስመዘግበውስ?

አታድርጉት። ደንባር ነጻ የሚሆነው ለዲሲ ነዋሪ ነው፤ ሌላው የትምህርት ክፍያ ይከፍላል። በተሳሳተ አድራሻ ያስመዘገበ ሰው የዓመቱን ክፍያ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠየቃል፣ ቅጣትም አለበት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኞችና የራሱ ምዝገባ ክፍል አለው።

የልደት ቀኑና ስሙ ላይ ችግር ተፈጥሯል። ምን እናድርግ?

ምዝገባውን ከሁሉ በላይ የሚያጓትተው ይኸው ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንጻፈው።

መስከረም 5 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ አለ እንበል። የትምህርት ቤቱ ወረቀት «5/1/2000» ይላል። አሜሪካዊው መዝጋቢ ይህን ሲያነብ ወሩን አስቀድሞ «ሜይ 1 ቀን 2000» ይለዋል። ትክክለኛው ቀን ሴፕቴምበር 16 ቀን 2007 ነው። ልጁ በወረቀት ላይ ከሰባት ዓመት በላይ አረጀ፤ ዕድሜው ለሁለተኛ ደረጃ ያለፈ ሆኖ ስለሚታይም ወደ አዋቂዎች ትምህርት ሊላክ ይችላል። የክፍል ዓመቱም እንዲሁ ነው፦ «9ኛ ክፍል፣ 2015» የሚል ትራንስክሪፕት (የነጥብ ማስረጃ) ልጁ ዘጠነኛን ከብዙ ዓመት በፊት የጨረሰ ያስመስላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ከምዝገባው በፊት ይሠራ። ተርጓሚው እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩን በፊደል ጽፎ ያስቀምጥ። ትራንስክሪፕቱ ላይ «ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው» የሚል አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ይጨመርበት። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ከልደት ሰርተፊኬቱ የሚለይ ከሆነ ትምህርት ቤቱ የሚይዘው አንዱን ብቻ ስለሆነ ከፓስፖርቱ ጋር የሚስማማውን አስይዙ፤ ኋላ ለኮሌጅ የገንዘብ እርዳታ ሲሞላ ቀኑና ስሙ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ይመሳከራል።

ስሙም የራሱ መንገድ አለው። የልጁ ስም፣ የአባት፣ የአያት ተብሎ ሲጻፍ መጨረሻ ላይ ያለው «የቤተሰብ ስም» ይሆናል። ወንድምና እህት በተለያየ ቀን ሲመዘገቡ አንዱ በአባት፣ ሌላው በአያት ስም ከተመዘገበ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው ከመዝገቡ ይጠፋል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ጸጋዬን በአንዱ ወረቀት በቲ፣ በሌላው በቲ-ኤስ አስጀምሮ መጻፍ ሁለት ተማሪ ይፈጥራል።

ከኢትዮጵያ ያመጣው ትምህርት ይቆጠርለታል?

ይቆጠራል፤ ግን ራሱን አይቆጥርም። ለመመረቅ 24 ክሬዲት ያስፈልጋል፦ እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 4፣ ሳይንስ 4፣ ማኅበራዊ ሳይንስ 4፣ የውጭ ቋንቋ 2፣ ጤናና ስፖርት 1.5፣ ሥነ ጥበብ 0.5፣ ሙዚቃ 0.5፣ ምርጫ 3.5። ከነዚህ ውስጥ ቢያንስ 2ቱ የኮሌጅ ደረጃ ወይም የሙያ ኮርስ መሆን አለባቸው። የአሜሪካ ታሪክ፣ የአሜሪካ መንግሥትና የዲሲ ታሪክ ከሌላ አገር ስለማይመጡ ማንም ይወስዳቸዋል። በ11ኛ ክፍል የመጣ ልጅ እነዚህን ቶሎ መርሐ ግብሩ ውስጥ ካላስገባ 12ኛ ክፍል ላይ ይጨናነቃል።

አንድ ሙሉ ክሬዲት በዲሲ 120 የትምህርት ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ትራንስክሪፕት ግን ነጥብ እንጂ ሰዓት አይጽፍም። ስለዚህ ከቀድሞው ትምህርት ቤት ማኅተም ያለበት አጭር ደብዳቤ አስመጡ፤ እያንዳንዱ ትምህርት በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ ክፍለ ጊዜው ስንት ደቂቃ፣ ዓመቱስ ስንት ሳምንት እንደሆነ ይግለጽ። በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ በ40 ደቂቃ፣ ለ36 ሳምንት ሲሰላ ልክ 120 ሰዓት ይሆናል።

በዚያው ደብዳቤ ማለፊያው 50 መሆኑም ይጻፍ። በደንባር ከ60ዎቹ አጋማሽ በታች ያለ ነጥብ መውደቅ ነው። ጥብቅ በሆነ ትምህርት ቤት 62 አግኝቶ ከክፍሉ አሥር ውስጥ የገባ ልጅ፣ ማስረጃ ከሌለ እዚህ የወደቀ ሆኖ ይነበባል።

እንግሊዝኛው ደካማ ነው። ይቀበሉታል?

ይቀበላሉ። በምዝገባ ቅጹ ላይ በቤት የሚነገረው ቋንቋ ምን እንደሆነ ይጠየቃል። «አማርኛ» ብሎ መጻፍ ልጁን ወደ ታች ያወርደዋል ብለው «እንግሊዝኛ» የሚሞሉ ወላጆች አሉ። በዚህ ምክንያት ልጁ የቋንቋ መምህር፣ ተጨማሪ የፈተና ጊዜና መዝገበ ቃላት ያጣል። እውነቱን ይጻፉ። ከዚያ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማዳመጥና መናገር የሚለካ ፈተና ይሰጠዋል፤ በየዓመቱም እንደገና ይለካል። ጨርሶ አዲስ ለሆነ ልጅ በካርዶዞና በሩዝቬልት ትምህርት ቤቶች ያሉት ዓለም አቀፍ አካዳሚዎች ለአዲስ መጤ ተማሪ ተብለው የተደራጁ ናቸው፤ ከደንባር ጋር አወዳድራችሁ ምረጡ።

ለስብሰባ አስተርጓሚ አለ?

አለ፣ በነጻ። የዲሲ የቋንቋ ሕግ ከ2004 ጀምሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ያስገድዳል፤ አማርኛም ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቀጠሮ ሲይዙ አብረው ይጠይቁ። ሳይዘጋጅ ከሄዱ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንዲያገናኙዎት የመጠየቅ መብት አለዎት። በተለይ የቅጣት ወይም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስብሰባ ላይ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ያልተረዳችሁትንም ወረቀት አትፈርሙ።

የምህንድስናው ፕሮግራም ምን ይመስላል?

የደንባር ምህንድስና አካዳሚ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ከመደበኛው ሒሳብና ሳይንስ ጎን ለጎን በየዓመቱ አንድ የምህንድስና ኮርስ ይወስዳል፤ መጀመሪያ ንድፍና በኮምፒዩተር መሳል፣ ከዚያ ወደ ጥልቁ። ኮርሶቹ ተከታታይ ስለሆኑ 9ኛ ላይ ያልጀመረ ልጅ 11ኛ ላይ ዘሎ መግባት ይከብደዋል። በር የሚዘጋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡ ነው፦ ጂኦሜትሪን በጊዜ ያልጨረሰ ፊዚክስ ላይ ይደናቀፋል። በኢትዮጵያ ፊዚክስ የተማረ ልጅ እዚህ ጥሩ መነሻ አለው፤ ካውንስለሩ ግን በቋንቋው ምክንያት ቀላሉን ሳይንስ ሊመድበው ስለሚችል ምደባውን አይታችሁ ተከራከሩ።

ሌላም አለ። ከተማው በ2022 በሰሜን ምሥራቅ የከፈተው የከፍተኛ ቴክኒክ ማዕከል የሳይበር ደኅንነትና የነርስነት ኮርሶችን ይሰጣል። ተማሪው የደንባር ተማሪ እንደሆነ ይቆያል፤ የቀኑን ከፊል እዚያ ተምሮ ይመለሳል። የኮሌጅ ኮርስ በነጻ የሚወሰድበት ፕሮግራምም አለ፤ በዚያ የተገኘ «ኤፍ» ግን በኮሌጅ መዝገብ ላይ ለዘለቄታው ስለሚቀር ልጁ ሳይዘጋጅ አይግባ።

ጄአርኦቲሲ (የወታደራዊ ካዴት ሥልጠና) ከገባ ወታደር ይሆናል?

አይሆንም፤ ምንም ግዴታ የለበትም። ዩኒፎርም መልበስ፣ ሰልፍ፣ የአመራር ትምህርትና የአካል ብቃት ነው። በዚህ ትምህርት ቤት ሥሩ ጥልቅ ነው፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ የክብር ሜዳልያ የተሸለመው ክርስቲያን ፍሊትዉድ በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው የጥቁር ተማሪዎችን የካዴት ቡድን ያደራጀው። የመጀመሪያው ጥቁር ጄኔራል ቤንጃሚን ኦ. ዴቪስ ቀዳማዊም በኤም ስትሪት ካዴት ነበር።

ለስፖርት ምን ያስፈልጋል?

ቢያንስ 2.0 ጂፒኤ (አማካይ ነጥብ) እና የዓመቱ የሐኪም ምርመራ ቅጽ። ቅጹ ለምዝገባ ከተሰጠው የጤና ቅጽ የተለየ ነው።

ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ቢቀርስ?

የሃይማኖት በዓል በሕጉ የተፈቀደ ምክንያት ነው፤ ለዒድም እንዲሁ። ግን ደብዳቤ ካልቀረበ ያለ ፈቃድ መቅረት ሆኖ ይመዘገባል። ቀኑን፣ የበዓሉን ስምና የወላጅ ፊርማ ይዞ አስቀድሞ ይግባ። ከ14 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ 15 ቀን ያለ ፈቃድ ከቀረ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ማኅበራዊ አገልግሎት ይላካል። አገር ቤት ለሠርግ ወይም ለልቅሶ ለረጅም ጊዜ መሄድ ካለበት ከመሄዱ በፊት ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋገሩ፤ ከተመለሰ በኋላ ማስተካከል በጣም ከባድ ነው። መጓጓዣ ሰበብ እንዳይሆን ትምህርት ቤቱ ነጻ የአውቶቡስና የሜትሮ ካርድ ይሰጣል።

የ100 ሰዓቱ አገልግሎት ምንድን ነው?

ያለ ክፍያ የሚሠራ የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው፤ ካልተሟላ ዲፕሎማ የለም። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ውስጥ ምግብ ማደል ወይም ሕፃናትን ማስጠናት ከጸሎትና ከአምልኮ የተለየ ስለሆነ ሊቆጠር ይችላል፤ አስቀድሞ ካውንስለሩ ይፍቀደው። በየጊዜው ቅጹን አስፈርሙ። የ9ኛ ክፍሉን ሰዓት 12ኛ ላይ ለማስፈረም ሲሄዱ ኃላፊው ከቦታው ለቆ ይገኛል። በዓመት 25 ሰዓት ከተሠራ ጫና የለውም።

ለኮሌጅ ገንዘብ ከየት ይገኛል?

የዲሲ ልጅ ከሌላው ግዛት ልጅ የሚበልጥበት ነገር እዚህ አለ። ዲሲ ትልቅ የግዛት ዩኒቨርሲቲ ስለሌላት ዲሲታግ የተባለው የፌዴራል እርዳታ በመላ አገሪቱ በሚገኙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በነዋሪና በነዋሪ ባልሆነ ክፍያ መካከል ያለውን ልዩነት ይሸፍናል፤ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ሲሰጥ ኖሯል። ለታሪካዊ የጥቁሮች የግል ኮሌጆች ደግሞ አነስ ያለ፣ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር። ተማሪው ኮሌጅ ከመጀመሩ በፊት 12 ተከታታይ ወር ዲሲ መኖር አለበት። ስለዚህ በ12ኛ ክፍል መካከል ቤት ለመቀየር ያሰበ ቤተሰብ ከወንዙ ማዶ፣ ቪርጂኒያ፣ የሚያገኘውን ርካሽ ኪራይ ከዚህ ገንዘብ ጋር ያመዛዝን።

ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው (በዲቪ የመጣ ሁሉ)፣ ስደተኛና ጥገኝነቱ የተፈቀደለት ማመልከት ይችላል። ጥገኝነቱ ገና ያልተወሰነለት ልጅ የፌዴራል እርዳታ አያገኝም፤ ለእሱ ዩዲሲን በነዋሪ ክፍያና ኮሌጆች ራሳቸው የሚሰጡትን ስኮላርሺፕ ቀድሞ መፈለግ ይሻላል። ፋፍሳ የተባለውን የገንዘብ እርዳታ ቅጽ ወላጁ ሶሻል ሴኩሪቲ ባይኖረውም መሙላት ይቻላል፤ ልጁ ግን የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል። ዲሲታግ በየዓመቱ እንደገና ይሞላል፤ ኮሌጅ ከገባ በኋላ ሁለተኛውን ዓመት ረስቶ ገንዘቡ የቆመበት ተማሪ ብዙ ነው። ሲሞላ የሚጠየቀው የነዋሪነት ማስረጃና የወላጅ የግብር ወረቀት ስለሆነ የየዓመቱን ቅጂ አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።